ሰቆጣ ላይ የነፈሰው ዘጠኝ

ስሜ ዘነበች ነው፤ ሥራዬ ደግሞ የአየር ጠባይ መመዝገብ። መሳቅ የሚፈልግ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ የሰቆጣ ሰው ስንት ጊዜ ስቆብኛል፣ እናንተ ለምን ይቅርባችሁ። የማጫውታችሁ ግን ስለ ስሜ አይደለም። ስለ አንድ የታኅሣሥ ቀን ነው፤ ጠዋት ሥራዬን አጣሁ ብዬ ያለቀስኩበት፣ ከሰዓት በኋላ በባዶ እግሬ አውድማ ላይ የዘለልኩበት ቀን።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግሁ፣ አጭር ኮርስ ወስጄ በሙከራ የተቀጠርኩ የአየር ጠባይ ታዛቢ። ምድቤ ሰቆጣ ሆነ ብዬ ቤት ስገባ አባቴ ለአንድ ሳምንት አኮረፈኝ። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ ለዚያውም ነፋስ ልትቆጥር! እናቴ ገብታበት በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን፤ የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ቋሚ ከሆንኩ እቆያለሁ፣ ካልሆንኩ ሻንጣዬን ይዤ ተመልሼ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እለካለሁ። ጨርቅ መለካት ነውር የለበትም። እኔ ግን ገና ኮርሱ ላይ ሳለሁ፣ አስተማሪያችን ነፋስ ደረጃ አለው፣ ከዜሮ እስከ አሥራ ሁለት ይቆጠራል ሲለን፣ ልቤ ጥፍት ብሎ ቀርቷል። የማይታይ ነገር በቁጥር ሲያዝ አስቡት። ያንን ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከወደድኩት ወንድ ሁሉ በላይ ነበር የወደድኩት፤ ባሌ ይህን ቢያነብም ያውቀዋል።

ጣቢያዬ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ነው። የሽቦ አጥር፣ የዝናብ መለኪያ፣ ቴርሞሜትር የያዘች ነጭ ሳጥን፣ መሐል ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ በነፋስ የሚሽከረከሩ ሦስት ኩባያዎች። ሰዉ "ጭልፋው" ይላቸዋል። ገበያ የሚወርደው ሁሉ በአጥሬ ሲያልፍ "ዘነበች?" ይለኛል። "አቤት" ካልኩ "አይ፣ ዝናቧን ነው" ይላል። "አልዘነበችም" ካልኩ ደግሞ "ኧረ አንቺን ነው የጠራሁት" ይላል። በቀን አሥር ጊዜ ይቺው ናት፤ አሥሩንም ጊዜ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ።

በኅዳር መጨረሻ ጭልፋው ቆመ። ምሰሶው ላይ ወጥቼ ብነቀንቀው፣ ዘይት ባጠጣው፣ ንቅንቅ አልል አለ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሳሳውቅ፣ መለዋወጫ እስኪመጣ በዓይን ገምቺ የሚል መልስ መጣልኝ። በዓይን መገመት ማለት የደረጃውን ሠንጠረዥ ይዞ ደጅ መቆም ነው። ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ዜሮ፣ ዘንበል ካለ አንድ፣ ፊት ላይ ከተሰማና ቅጠል ካንሾካሾከ ሁለት፣ ባንዲራ ከተዘረጋ ሦስት እያለ ይቀጥላል። ስድስት ላይ ጃንጥላ መያዝ ያስቸግራል፣ ስምንት ላይ ሰው መራመድ ያቅተዋል፣ ዘጠኝ ላይ የቤት ክዳን ይነሳል። ሠንጠረዡን መጀመሪያ ያወጣው የመርከብ ሰው ነው ይባላል፤ በዚህ የተነሳ ግማሹ የሚያወራው ስለ ባሕር ነው። "ነጭ የማዕበል አረፋ እዚህም እዚያም ይታያል" ይላል። ሰቆጣ ጉብታ ላይ ቆሜ የማዕበል አረፋ ስፈልግ እንዳልገኝ ያንን ዓምድ በወረቀት ለጥፌ ሸፈንኩት።

ከአጥሬ ግርጌ የአያ ኪሮስ አውድማ ነበር። አያ ኪሮስ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ቀልድ ሲናገሩ ፊታቸው አይፈታም፣ ስለዚህ ሰው የሚስቀው ዘግይቶ ነው። ሁለት ያገቡ ልጆቻቸው ገብሱን በበሬ አበራይተው ሲጨርሱ በመንሽ ወደ ላይ እየበተኑ ለነፋስ ይሰጡታል። ፍሬው እግራቸው ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ይሄዳል። አያ ኪሮስ በመጀመሪያ አንድ መንሽ ብቻ ያስበትኑና ገለባው የወደቀበትን አይተው ወይ "ተነሱ" ወይ "ቁጭ በሉ" ይላሉ። አንድም ቀን ተሳስተው አላየሁም። እኔም እየወረድኩ ገለባው ስንት እርምጃ እንደሄደ መቁጠርና ከሠንጠረዡ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። ሦስት እርምጃ ከሄደ ደረጃ አንድ፣ ሰባት ከሄደ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ከሄደ ሦስት። ከጭስና ከቅጠል ይልቅ ገለባ አይዋሽም።

አውድማ ደግሞ ሕግ አለው። ጫማ ይወለቃል። የገባ ሰው "ይበርክት" ይላል። እነ አያ ኪሮስ ዘንድ ከዚህም የባሰ ነበር፤ አውድማው ላይ ነፋስን በስሙ አይጠሩትም። ስሙን ከሰማ ይኮራል፣ ከኮራ ይቀራል ነው የሚሉት። በዚያ ወር ደህናው ነፋስ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለሆነ "ዘጠኙ" ይሉታል። "ዘጠኙ ገባ"፣ "ዘጠኙ ዛሬ አኩርፏል"፣ "ትናንት ዘጠኙን ማን አስቀየመው?" ይባባላሉ። ሳላውቀው ቃሉ የኔም አፍ ላይ ቀረ።

መልእክት የማስተላልፈው ከጎረቤት መሥሪያ ቤት በሬዲዮ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከአውድማው እየሮጥኩ ደረስኩ። ሬዲዮው ይንጫጫል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰውዬ ስለ ነፋስ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ነፋስ ጀምሯል ወይ ያለኝ መሰለኝና "ዘጠኙ ገብቷል" አልኩት። "ዘጠኝ?" አለ። "አዎ፣ ዘጠኝ" ብዬ ወደ ገብሴ ተመለስኩ። ለካ ሰውዬው የጠየቀኝ ደረጃውን ነው! ደረጃ ዘጠኝ ማለት በሰዓት ከሰባ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር፣ ክዳን የሚገነጥል ነፋስ ነው። እኔ በዚያን ሰዓት ፀጉሬ ውስጥ የገባ ገለባ እየለቀምኩ ነበር።

በሳምንቱ ጠዋት አቧራ የለበሰች መኪና አጥሬ በር ላይ ቆመች። ከረባት ያሰሩ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው ወረዱ። አቶ ታደለ እባላለሁ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ለቁጥጥር ነው የመጣሁት አሉኝ። መሣሪያዎቼን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ጉብታው ጫፍ ላይ ቆመው ከተማዋን ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ።

"ቤቶቹ አሉ" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፣ አሉ" አልኳቸው፤ ሌላ ምን ይባላል።

"ክዳናቸውም አለ።"

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ሰውዬው ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡት የተገነጠለ ክዳን ሊቆጥሩ ኖሯል። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ስለ አደጋው ሲጠይቁ መጥተዋል፤ አንዱ ነጋዴማ እዚህ አገር ከእርስዎ በቀር ነፋስ ያመጣው ነገር የለም ብሏቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም። ከቦርሳቸው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ። ሐሰተኛ መረጃ ማስተላለፌ በቦታው ከተረጋገጠ የሙከራ ቅጥሬ ተቋርጧል ይላል፤ የሚጎድለው ቀኑና የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው።  የአጎቴ ሱቅ ከነመደርደሪያው ዓይኔ ላይ መጣ። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዘጠኙ አንዱን ከአንዱ እያምታታሁ አወራሁ።

"ነፋስ ስሙ ዘጠኝ ነው እያልሽኝ ነው?" አሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሳቸው አፍ ስሰማው የእብድ ወሬ መሰለኝ። ካላመኑ ወርደው አያ ኪሮስን ይጠይቁ አልኳቸው። ደብዳቤውን ተቀብለውኝ ወረድን።

አውድማው ዳር ስንደርስ ትልቁ ልጅ የአቶ ታደለን ጫማ በጣቱ አመለከተ። ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ አወለቁ፤ የቀኝ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ያ ጣት ብቅ ሲል ልቅሶዬ መሐል ሳቄ መጣና ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። አቶ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ባለፈው ማክሰኞ እዚህ ኃይለኛ ነፋስ ነበር ወይ ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ።  ልጆቹ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ የሆነ ነገር ተባባሉ። አያ ኪሮስ መንሻቸውን ተክለው ቀረብ አሉ።

"ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ቆመው ስሙን አይጥሩት።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?"

"ዘጠኙ ይበሉት።"

አቶ ታደለ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። ደስታዬ ጆሮዬ ድረስ ደርሶ ነበር። ተረፍኩ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው አልከተቱትም።

"የቃሉን ነገር ተረድቼዋለሁ" አሉኝ። "ግን ጭልፋሽ ከቆመ ወዲህ የላክሽው ቁጥር ሁሉ ከዓይንሽ የወጣ ነው። ዓይንሽን በምን ልመነው?"

 ከቦርሳቸው በእጅ የሚያዝ ትንሽ የነፋስ መለኪያ አወጡ፤ የኔ ጭልፋ የወለደው ግልገል ይመስላል። አምስት ጊዜ ትገምቻለሽ፣ አምስት ጊዜ እኔ አያለሁ አሉ። አራቱን ካገኘሁ ደብዳቤው እንደመጣ ይመለሳል፣ ካላገኘሁ እዚያው ይፈረማል። መዝገባቸው መኪናው ውስጥ ስለቀረ፣ በካልሲ ጉብታውን መውጣትም ስላልፈለጉ፣ ውጤቱን የኔው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ሊጽፉ እስክሪብቶ አወጡ።

የመጀመሪያው ቀላል ነበር፤ ቀኑ ጭጭ ብሏል። ዜሮ አልኩ፤ ዜሮ ሆነ። ይህንንማ በሬውም ያውቀዋል አሉ አያ ኪሮስ። ጥቂት ቆይቶ አንገቴ ላይ ቀዝቀዝ ሲለኝ አንድ መንሽ እንዲበትኑልኝ ለመንኳቸው። አቶ ታደለ በዓይን ነው ያልነው ብለው ተቃወሙ፤ እኔም ዓይኔ የሚያየው እሱን ነው አልኳቸው። ገለባው ሦስት እርምጃ ሄደ። አንድ አልኩ፤ አንድ ሆነ። ይኼኔ ልቤ አበጠ። ሦስተኛው ላይ ገለባው ስምንት እርምጃ ሲሄድ፣ እርምጃዬን ጠበብ ጠበብ አድርጌ አሥራ ሁለት አደረስኩትና በልበ ሙሉነት ሦስት ብዬ ጮህኩ። መለኪያው ሁለት አለ። ልጆቹ ይቆረጥሙት የነበረውን ቆሎ አቆሙ። አራተኛውን ስንጠብቅ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ሁለት አልኩ፤ ሁለት ሆነ። አንድ ቀረኝ።

እንግዲህ እንደ ሰው አስቡት። ነፋሱ ያው ሁለት ላይ ነው፤ ቅጠሉ ያንሾካሽካል፣ ሁለት ብዬ መገላገል እችላለሁ። አቶ ታደለም ጨርሺና ልሂድ አሉኝ። እኔ ግን ምን እንደገባብኝ እንጃ።

"በዘጠኙ ነው የተከሰስኩት" አልኳቸው፤ "በዘጠኙ ይፈረድብኝ።"

ሞኝነት ነበር። አያ ኪሮስ እንኳ ቅንድባቸውን አነሱ። አቶ ታደለ ሰዓታቸውን አይተው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው፣ ቢቀርስ አሉ። ቢቀር ይፈርሙ አልኳቸው። ከዚያ ስድስታችን ማለትም አምስት ሰውና አንድ በሬ ቆመን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ቅጠሉም ዝም አለ። አያ ኪሮስ ዘጠኙን ለማባበል ቀስ ብለው ማፏጨት ጀመሩ፤ ልጆቻቸውም ተከተሏቸው። ሲጨንቀኝ እኔም አፏጨሁ። ደሴ ሴት ልጅ ስታፏጭ ሰው ይሰድባታል። አቶ ታደለ መጀመሪያ ወደ መሬት አዩ፣ ከዚያ ከንፈራቸውን አሾሉ። መንግሥት የላከው ተቆጣጣሪ፣ ከረባት አስሮ፣ ጣቱ ወጥቶ፣ አውድማ ላይ ቆሞ ያፏጫል።

ከማዶው ሸንተረር አቧራ ተነሳ። ወደኛ ሲመጣ ይታየኛል፤ መጀመሪያ ቁጥቋጦው ጎነበሰ፣ ከዚያ የአጥሬ ሽቦ አፏጨ፣ ከዚያ ደረሰ። የአቶ ታደለ ባርኔጣ ተነሳ። አንድ እጃቸውን ወደ ባርኔጣው ሲሰዱ ከሌላው እጃቸው ደብዳቤው አመለጠ። ከነማኅተሙ፣ ከነአራቱ ውጤቶቼ፣ ከገለባው ጋር ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ ገደሉም ሄደ።

"አራት!" ብዬ ጮህኩ።

ባርኔጣው አውድማውን አቋርጦ ይንከባለላል፣ አቶ ታደለ በካልሲ ይከተሉታል፣ ልጆቹ መንሻቸውን ይዘው መሬት ላይ ተዘርግተው ይስቃሉ። እኔ እዘላለሁ። ለምን እንደምዘል አላውቅም፤ ገና ምን እንደተፈረደብኝ አልሰማሁም። ትንሹ ልጅ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ደብዳቤውን ላምጣ ብሎ ሲነሳ አያ ኪሮስ በኽምጣና አንድ ቃል ተናገሩት፣ ተመልሶ ተቀመጠ። በኋላ ምን አሉት ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ገብሱን ጥለህ ወዴት ነው?" ነው ያልኩት አሉኝ።

አቶ ታደለ ባርኔጣቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ከረባታቸው ላይ እብቅ ሞልቷል። ስንት አነበበ አልኳቸው። መለኪያውን ዘቅዝቀው አዩት።

"አላየሁትም" አሉ። "እኔ ባርኔጣዬን ነበር የማየው።"

 ነፋሱ በዚህ መሐል ለዘብ ብሏል፤ እንደገና ቢለካ ሌላ ቁጥር ነው። መለኪያውን አነሳ አደረጉና እኔን አይተው መልሰው ዝቅ አደረጉት።

"ለምን አራት አልሽ?"

"ሠንጠረዡ አቧራና ወረቀት ካነሳ አራት ነው ይላል። አቧራውን አየሁት። ወረቀቱንም አየሁት።"

ፊታቸው ሲፈታ ያኔ ገና ማየቴ ነው። ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ እስክሪብቶአቸውን አወጡ። የሚጽፉበት ወረቀት ስለሌለ ግራ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ቀስ ብለው፣ "አራት" ብለው ጻፉ። መለኪያው ሳያይ፣ ሌላ ምስክር ሳይጠይቁ፣ እኔ ስላልኩ ብቻ።

ያን ዕለት አመሻሹን እዚያው ተቀምጠን ጠላ እየጠጣን የባሕሩን ዓምድ በገብስ ዓምድ ለወጥነው። ሐሳቡ የአቶ ታደለ ነው። ዜሮ፣ ገለባው እግር ሥር ይወድቃል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሐሜት ይጀምራል። ሦስት፣ መንሽ ያዥ ይዘፍናል። አምስት፣ ገለባህ ጎረቤት አውድማ ይገባል፣ ጠብ ይነሳል። ሰባት፣ ፍሬውም ተከትሎ ይሄዳል፣ ምርቱን ሸፍን። እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ደረስን። አቶ ታደለ አሥራ ሁለት ሲሆንስ ብለው ጠየቁ። አያ ኪሮስ ፀሐይዋን አይተው፣ አሥራ ሁለት ሲሆንማ ይመሻል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይግባ አሉ። አቶ ታደለ ይህንንም ጻፉት፤ በዚህ ጊዜ መዝገባቸው ከመኪናው መጥቶ ነበር።

እናንተ አንባቢዎች፣ ይህ ሁሉ ምን ለወጠሽ ትሉኝ ይሆናል። ከዚያ ቀን በፊት ቁጥር ከመሣሪያ የሚወጣ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ተሸካሚዋ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ከቁጥሩ ጀርባ ቆሞ ያየ ሰው እንዳለ ገባኝ፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሰው ቃሌን መዳፉ ላይ ከጻፈ ወዲህ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። እርምጃዬንም አጥብቤ አላውቅም፤ ያቺ ሦስተኛዋ ዛሬም ታሳፍረኛለች። በሬዲዮም፣ በስልክም፣ ከባሌም ጋር ስነጋገር ምን እንደተጠየቅሁ ሁለት ጊዜ አረጋግጣለሁ። እናንተም ሥራችሁ ምንም ይሁን ይህችን ብቻ ከኔ ውሰዱ።

የቋሚነት ደብዳቤዬ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ይዤው ስልክ ቤት ሮጥኩ። ደሴ ጎረቤት ቤት ደውዬ አባቴን አስጠራሁት። ቋሚ ሆንኩ አልኩት። ዝም አለ። የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ እላለሁ። ከዚያ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

"እና" አለኝ፣ "የዚያ አገር ነፋስ እንዴት ነው?"

አባቴ ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዜሮ ጀመርኩለት። ሦስት ላይ ስደርስ ይስቅ ነበር፣ አምስት ላይ እናቴን ጠራት፣ ሰባት ላይ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው ብሎ መስተዋቱን አንኳኳብኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ስምንት አለፍኩ።